ሱቄ ታሽጎ ስለቆየባቸው አምስት ቀናት እና ውስጥ ስለቀሩት የሮቤራ መብራቶች

ለተከበሩ አቶ ፀሐዩ
የወረዳችን የንግድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አቃቂ ቃሊቲ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እላለሁ። ክረምቱ ያለ ጉንፋን አልፎልዎት፣ ስብሰባዎችዎም ያለ አንዳች መቋረጥ ተካሂደውልዎት እንደሆነ ጽኑ ተስፋ አለኝ። እኔ ፈቀደ አምባው እባላለሁ። አቃቂ በሰቃ፣ ከአሮጌው ሐዲድ ዝቅ ብላ በምትገኝ አንዲት ክፍል ውስጥ የመኪና የፊት መብራት ስጠግን አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። በፖስታ አሽጌ ሦስት ጊዜ አስገብቼ ሦስቱንም ጊዜ «መዝገብ ቤት አልደረሰም» ስለተባልኩ፣ ያስቸገራችሁ ፖስታው ይሆናል ብዬ ያለ ፖስታ ጽፌዋለሁ።

ሥራዬን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። የመብራት ሽፋን ዙሪያው ሲሰነጠቅ ውሃ ይገባል፤ ውስጡ ላብ ያወጣል፤ ብርሃኑ ደክሞ ከጎማው ፊት አያልፍም። እኔ መብራቱን ፈትቼ በሙቅ አየር አላቅቀዋለሁ፣ የድሮውን ሙጫ በምላጭ እፍቃለሁ፣ አጥቤ አደርቃለሁ፣ ዙሪያውን ሲሊኮን ሞልቼ መልሼ እገጥመውና ጠፍሬ አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ማንም እንዲነካው አልፈቅድም። በዚህ ረገድ ከእርስዎ ጽሕፈት ቤት በላይ ግትር ነኝ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

1. ሐምሌ 13 ቀን 2007 ዓ.ም. ሁለት ሠራተኞችዎ ሱቄ ድረስ መጥተው ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። «ፈቃድህ የመኪና ኤሌክትሪክ ጥገና ነው የሚለው፤ ይሄ ማጣበቅ ነው፣ ሌላ ዘርፍ ነው» አሉኝ። በየትኛው ዘርፍ ፈቃድ ላውጣ ብዬ ብጠይቅ «እሱ ገና አልወጣም» ተባልኩ። ያልወጣ ፈቃድ አላወጣህም ተብዬ ከሱቄ ወጣሁ፤ በሩም ላይ ወረቀት ተለጥፎ ማኅተም ተመታበት። ጠረጴዛው ላይ የደንበኛዬ የሮቤራ ሁለት መብራቶች እየደረቁ እንደሆነ፣ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ገብቼ ላውጣቸው ብዬ ለመንኩ። ታናሽየው ሠራተኛዎ አዝኖልኝ ነበር፤ ታላቅየው ግን «ከታሸገ በኋላ አይከፈትም» አለው። ገና እያሸጉት ነበር።

2. ሮቤራ ከቂሊንጦ ወዲህ ካሉት የድሮ ገበሬ ቤተሰቦች የተወለደ፣ የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ነው። በሰው ሚኒባስ የፋብሪካ ሠራተኞች ሰርቪስ ይነዳል። በማግስቱ ወደ ቢሮዎ መጥቶ እንደነበር ያስታውሱ ይሆን? አያስታውሱም፤ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ረቡዕም ስብሰባ ላይ ነበሩ። ሐሙስ ዕለት አብረን መጥተን ኮሪደሩ ላይ አገኘንዎት፤ እርስዎም እየተራመዱ «ማመልከቻ ጻፉ፣ በአሥራ አምስት የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣችኋል» አሉን። በእንዲህ ያለ ጥድፊያ ውስጥ ሆነው ቁጥሩን በትክክል ስለነገሩን እናመሰግናለን።

ሮቤራ ግን አሥራ አምስት ቀን አልነበረውም። የመኪናው ባለቤት አንድ ፈረቃ ቢቀር ሌላ ሾፌር እንደሚያስገባ ነግሮታል። «ጋሼ፣ በቀኑ ልሥራ፣ ከጨለመ አልነዳም» አለኝ። በሐምሌ ዝናብ ግን ጨለማ ሰዓት አይጠብቅም። ዓርብ ጠዋት የአሮጌ ሞተር ሳይክል መብራት ፈልጌ፣ መብራቱ በነበረበት ባዶ ጉድጓድ ውስጥ በሽቦ አሰርኩለት። በገዛ እጄ ነው ያሰርኩት። እንደማይበቃ አውቅ ነበር። ከዚያ በፊት ሐሙስ ማታ ከበሩ ፊት መፍቻ ይዤ ቆሜ ነበር፤ ከመብራቶቹ የሚለየኝ አንድ ወረቀት ብቻ ነበር። የመንግሥትን ማኅተም መቅደድ ወንጀል መሆኑ ትዝ አለኝና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሕግ አክባሪ ዜጋ ስላደረጉኝ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎት አላውቅም።

3. ዓርብ ሐምሌ 17፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዝናቡ ይወርድ ነበር። ፍቅርተማርያም የምትባል የሃያ ሦስት ዓመት የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ከፈረቃ ወጥታ፣ ዳር ዳሩ ጭቃ ስለሆነባት አስፋልቱን ይዛ ትሄድ ነበር። ሮቤራ አላያትም። «ድምፁን ነው የሰማሁት» አለኝ። ወርዶ አቀፋት፣ በዚያው ሚኒባስ ጭኗት ሮጠ፤ ሆስፒታል ሳይደርሱ አረፈች። እናቷ ወይዘሮ አስካለማርያም ልቅሶ ላይ ሳገኛቸው መብራቱን ማን እንዳሰረው አያውቁም ነበር። ነገርኳቸው። ዓይን ዓይኔን አዩኝና «ተቀመጥ» አሉኝ። እኔም እስከ ዛሬ እንቅልፍ በአግባቡ አልተኛሁም፤ ይህ ግን የጽሕፈት ቤትዎ ጉዳይ ስላልሆነ ቁጥር አልሰጠሁትም።

4. ቅዳሜ ጠዋት፣ ቢሮዎ ከመከፈቱ በፊት፣ ሱቄ ስደርስ ወረቀቱም ማኅተሙም የለም። ሙጫው እንኳ ተፍቋል። የአሥራ አምስቱን ቀን ጉዳይ በአምስት ቀን ለፈጸማችሁበት ቅልጥፍና ምስጋናዬ የላቀ ነው።

5. ከሁሉ የሚበልጠው ግን ለፍርድ ቤቱ የጻፉት ደብዳቤ ነው። ሮቤራ መብራቶቹ የታሸገ ሱቅ ውስጥ እንደነበሩ ሲናገር ዳኛው ጽሕፈት ቤትዎን ጠየቁ፤ እርስዎም «በተጠቀሱት ቀናት የታሸገ ሱቅ ስለመኖሩ መዝገባችን አያሳይም» ብለው መለሱ። እኔ ቀርቤ መሰከርኩ፤ ጎረቤቶቼም መሰከሩ። ወረቀት ግን አልነበረንም፤ ወረቀቱ ያለው እርስዎ ዘንድ ነው። ሮቤራ ያለ መብራት አሽከርክሮ ሰው በመግደል አራት ዓመት ተፈረደበት። በቂሊንጦ በቀጠሮ ቆይቶ አሁን ወደ ቃሊቲ ተዛውሯል። ባለቤቱ አደሴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ስንቅ ታመላልሳለች። እሱ ጥፋት የለብኝም አላለም። ዳኛው ፊት «ገድያታለሁ፤ ግን መብራት የለሽ ሆኜ የወጣሁት በፈቃዴ አይደለም» ነው ያለው።

ይግባኙ ኅዳር 20 ቀን ይሰማል። የምለምንዎት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ ሱቁ ከሐምሌ 13 እስከ 17 ታሽጎ ነበር። ማኅተም ለመምታት እጅዎ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ስለማውቅ፣ ጊዜዎን እንደማይሻማ አምናለሁ።

ለሰጡኝ ትምህርት፣ ለጠበቁልኝ ሥርዓት፣ ለተፋቀውም ሙጫ ሳይቀር ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ የወንበርዎን ጽናት የምመኝ፣

ያለ ዘርፍ የቀረሁት አገልጋይዎ
ፈቀደ አምባው
ጥቅምት 25 ቀን 2008 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ የጽሕፈት ቤትዎ ሾፌር ከትናንት በስቲያ የእርስዎን መኪና የፊት መብራቶች ይዞልኝ መጥቶ ነበር፤ ውሃ ገብቶባቸዋል። በየትኛው ዘርፍ እንደምሠራቸው አልጠየቀኝም። ክፉ ሐሳብ አልፎብኝ ነበር፣ አልዋሽዎትም። ነገር ግን በደንብ አሽጌ ሙሉ ቀናቸውን ጠብቄላቸዋለሁ፤ እርስዎ በሚነዱበት መንገድ ዳር በእግራቸው የሚሄዱ ሰዎች አሉና።