አንድ ካፖርት፣ ሁለት ዘበኛ

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ዛሬ ምንም አልሆነም። ኃላፊያችን አቶ ኤፍሬም አርፍደው ገቡና ስለ ሰዓት ማክበር ንግግር አደረጉ። አጨበጨብን።

ጠዋት እንደ ልማዴ በር ላይ ቆሜ ዘበኞቻችን ሲረካከቡ አየሁ። የማታው ጋሽ ሀይሉ፣ የቀኑ ጋሽ ረዲ። ኤጀንሲው ለሁለቱ የሰጣቸው ካፖርት አንድ ነው። ለጋሽ ሀይሉ ጉልበታቸው ጋ ይቀራል፣ ለጋሽ ረዲ መሬት ይጠርጋል።

"ሙቀቱ ሳይወጣ ልበሰው" አሉ ጋሽ ሀይሉ እያወለቁ።

"ሙቀቱስ ይሁን፣ ላብህን ምን ላድርገው?"

ሳቁ፣ ተለያዩ። ስንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ናቸው... አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። አብረው ቁጭ ብለው ያውቁ ይሆን?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ጉድ ፈላ። የጥበቃ ኤጀንሲው ውሉን ጥሎ ሄደ። መኪና መጣና ቆቡን፣ ፊሽካውን፣ ቀበቶውን ለቃቀመ። ካፖርቱን ከጋሽ ረዲ ትከሻ ላይ ገፈፉት። በስስ ሸሚዝ ቆመው ቁልፉን ሰጡኝ። "አደራ፣ ሸዋዬ ልጄ።" ለምን ለእኔ? ግዥ ክፍል ነኝ እኮ።

አቶ ኤፍሬም "አስቸኳይ ግዥ ይፈጸም!" አሉ። ለአስቸኳዩ ግዥ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። አስቸኳዩ ስብሰባ ሰው ስላልተሟላ ለነገ ተላለፈ። እስከዚያው ሠራተኛው በተራ በር ይጠብቅ ተባለ። የመጀመሪያዋ ተረኛ እኔ። የመንግሥት ንብረት በእኔ ጠባቂነት ዋለ! አንዲት ፍየል ገብታ የአቶ ኤፍሬምን አበባ በላች። መታወቂያ ጠየቅኳት፣ አልያዘችም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ግዥው ጸደቀ። ከወልድያ ሌላ ኤጀንሲ ተገኘ። አስተባባሪው፣ ሚስባህ የሚባል፣ ደወለ።

"ለማታ የራሴን ሰው አመጣለሁ። ለቀን ከነባሮቹ አንድ እወስዳለሁ። ማንን?"

"ሁለቱንም።"

"እህቴ፣ አንድ ነው ያልኩት።"

"እንግዲያው አንተው ምረጥ።" ዘጋሁት። ፈሪ ነኝ! ግን ምን ልበል? ግራና ገጠር ያለው የጋሽ ሀይሉ ማሳ ለልጆች ተከፋፍሎ አልቋል። የጋሽ ረዲ ባለቤት ከአልጋ ከዋሉ ቆዩ። የቱን ስም ልጥራ?

ሽማግሌዎቹን አስጠርቼ ነገርኳቸው። ነገ ወልድያ ሄዳችሁ ተመዝገቡ፣ የሚወሰደው አንድ ሰው ነው አልኳቸው።

"አንድ ብቻ?" አሉ ጋሽ ሀይሉ።

"አንድ ብቻ።"

ተያዩ። ከዚያ ስለ ዘንድሮ ማሽላ ማውራት ጀመሩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ማን እንደተወሰደ ወሬ የለም። ፍየሏ ግን መጥታለች።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ጠዋት በሩ ተቆልፏል። አዲሱ የማታ ዘበኛ፣ ይታገሱ የሚባለው፣ ከውስጥ ሆኖ "የሚረከበኝ ሳይመጣ አልከፍትም። መመሪያ ነው!" ይላል። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ መንገድ ላይ ተሰጣ። አቶ ኤፍሬም ደግሞ ዛሬ፣ በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሰዓቱ መጥተዋል።

ሚስባህ ጋ ደወልኩ።

"ሁለቱም ዓርብ ለየብቻ መጥተው አንችልም ብለዋል" አለ። "ረጅሙ ጉልበቴን ያመኛል አለ። አጭሩ ዓይኔ ደክሟል አለ። ሌላ ሰው እስክፈልግ ታገሡኝ።"

የምን ጉልበት? ግራና በእግራቸው ደርሰው የሚመለሱት ጋሽ ሀይሉ? የምን ዓይን? መናኸሪያ የወረደን እንግዳ ከዚህ ሆነው የሚለዩት ጋሽ ረዲ?

ስልኩን ሳልዘጋ ጋሽ ሀይሉ ከመንገዱ ላይኛው ጫፍ፣ ጋሽ ረዲ ከታችኛው ብቅ አሉ። ሁለቱም ፌስታል አንጠልጥለዋል። ሁለቱም ፊታቸው በርቷል።

"እንኳን ደስ ያለህ!" አሉ ጋሽ ሀይሉ።

"አንተን እንጂ! እኔ ምን አገኘሁና?"

"ሥራውን ነዋ!"

"ሥራው ያንተ አይደል እንዴ?"

ሚስባህ ያለኝን ነገርኳቸው።

"አንተ ውሸታም ሽማግሌ" አሉ ጋሽ ረዲ። "የትኛው ጉልበትህ ነው የታመመው?"

"ዓይንህ ከደከመ ጉልበቴን በምን ታየዋለህ?"

አንዱ ለሌላው ብሎ ለቋል። ሌላውም እንደዚያው። "አንተ ትብስ፣ አንተ ትብስ" ተባብለው መንግሥትን ያለ ዘበኛ አስቀሩት!

ፌስታሎቹ ተፈቱ። ከልባሽ ተራ የተገዙ ሁለት ካፖርቶች። ጋሽ ሀይሉ ያመጡት አጭር፣ ጋሽ ረዲ ያመጡት ረጅም። መንገድ ላይ ተለባበሱ። ልክ! እጅጌው እንኳ ልክ።

ይታገሱ መመሪያውን ረስቶ በሩን ከፈተ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

"ሁለቱም አንድ አንድ ቀን ይፈራረቁ" አልኩት ሚስባህን።

"እህቴ፣ እንዲህ ያለ ውል አላውቅም።"

"እንግዲያው መጥተህ ራስህ ጠብቅ። ፍየል እንዳለች ግን እወቅ።"

ሳቀ። የሳቀ ሰው እንቢ አይልም... አላለም።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ዛሬ ተረኛው ጋሽ ረዲ ናቸው። ጋሽ ሀይሉ ግን ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ናቸው። ትናንትም ተረኛው ጋሽ ሀይሉ ሆነው ጋሽ ረዲ ከበሩ አልጠፉም፣ ለባለቤታቸው ምሳ አድርሰው ተመለሱ እንጂ። ዛሬ ጋሽ ረዲ ለጁምዓ ሲሄዱ ጋሽ ሀይሉ በሩን ያዙ፣ ሲመለሱ ፓፓያ ተካፈሉ። ስለ ፓፓያው ተጣሉ። ታረቁ።

አቶ ኤፍሬም በኃላፊ ድምፅ "ለመሆኑ የዛሬ ተረኛ ማነው?" ብለው ጠየቁ።

"እሱ" አሉ ጋሽ ሀይሉ።

"እሱ" አሉ ጋሽ ረዲ።

ኃላፊው ማንን እንደሚገሥጹ ጠፍቷቸው ገቡ።

በዚህ ፀሐይ ካፖርት የሚለብስ የለም። ሁለቱም አንድ ምስማር ላይ ተደርበው ተሰቅለዋል፣ ረጅሙ ከሥር፣ አጭሩ ከላይ።

ማታ ስወጣ ሁለቱ አሁንም በሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ይታገሱ ከተረከባቸው ቆይቷል። ጋሽ ረዲ ጠጋ አሉልኝ።

"ቁጭ በይ ሸዋዬ። ምን ያስቸኩልሻል?"

ምን ያስቸኩለኛል? ተቀመጥኩ።