በሁለት ጆንያ ጀንፈል ስለተገኘ የመምህርነት ፈቃድ

ለተከበሩ ጓድ ዓምደሚካኤል
የመምህራን ብቃት መዛኝ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ባሉበት

የተከበሩ ጓድ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና የኮሚቴው አባላት በሙሉ እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ ጤናችሁ እንዲበዛ፣ እንቅልፋችሁም እንዳይጎድል እመኛለሁ። እኛ እዚህ ደኅና ነን። ደኅና ያልሆነውም ሰው ሲጠየቅ ደኅና ነኝ ብሎ ስለሚመልስ፣ ከተማችን በደኅንነት በኩል የምትወቀስበት ነገር የለም።

እኔ የኔነሽ ሣህሉ፣ ትውልዴ ጅማ ቦሳ አዲስ፣ ከሰኮሩ ወዲያ በምትገኘው በዚህች ትንሽ የቡና ከተማ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ስሆን፣ ለዓመታት ያለ ፈቃድ "ጊዜያዊ" እየተባልኩ ከቆየሁ በኋላ በኮሚቴዎ ቸርነት ባለ ፈቃድ መምህርት ለመሆን በቅቻለሁ። ሰሞኑን በላኩልኝ ደብዳቤም ፈቃዱን ያገኘሁበትን ልምድ ለተተኪ ዕጩ መምህራን በጽሑፍ እንዳካፍል አዘውኛል። ትእዛዝ አክባሪ ነኝና እነሆ ጽፌ፣ ሁሉም ያየው ዘንድ በትምህርት ቤታችን በር ላይ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ለጠፍኩት። በመዝገብ ቤት በኩል እንዲደርስዎ አስበው ከነበረ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ እናንተ ዘንድ የገባ ወረቀት፣ እናንተ ዘንድ እንደ ገባ ሰው፣ ቶሎ አይወጣም ሲባል ሰምቼ ነው።

እንግዲህ መምህር ለመሆን የሚሻ ወጣት የሚከተለውን ይፈጽም።

አንደኛ፦ ጸረ አብዮት አለመሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ከትውልድ ቀበሌው ያምጣ። እኔ ለዚሁ ጉዳይ ጅማ በሄድኩ ጊዜ የቀበሌው ጸሐፊ ሆነው ያገኘኋቸው ሰው፣ በልጅነቴ ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤታችን የነበሩ፣ ታመው በተኙ ጊዜም እናቴ አጥሚት ስታመላልስላቸው የከረመች ሰው ናቸው። ስሜን ከነአባቴ ጠየቁኝና "አላውቅሽም፤ የሚያውቅሽ ሰው ይዘሽ ነይ" አሉኝ። አልተቀየምኳቸውም። ሰውን ማወቅ ለሰው ዋስ እንደ መሆን በሚቆጠርበት ጊዜ፣ ብልህ ሰው የሚያውቀውን ሰው ቁጥር መቀነሱ ደግ ነው። በመጨረሻ የሚያውቀኝ ሰው ሳይሆን የማያውቀኝ ሰው ፈረመልኝ፤ ወረቀቱም በዚያ አለፈ።

ሁለተኛ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ በውይይት ክበብ ይገኝ። በውይይቱ ማብቂያ ላይ "ጥያቄ ያለው?" ይባላል። ጥያቄ የሌለው አልገባውም ይባላል፤ ያለው ደግሞ ለምን እንደ ጠየቀ ይጠየቃል። ከዚህ በላይ ስለዚህ ነጥብ አልጽፍም።

ሦስተኛ፦ የሞዴል ትምህርት ያቅርብ። ትልቁ ፈተና ይህ ነው። እርስዎ፣ የኮሚቴው አባል ጓድ ፈለቀና ስማቸው ያልተነገረን አንድ ሌላ ጓድ በላንድሮቨር መጥታችሁ፣ ርዕሰ መምህራችን አቶ ወልደሰማያት ወንበር እስኪያስመጡላችሁ እንኳ ሳትጠብቁ፣ ከልጆቹ ኋላ በትንንሾቹ አግዳሚዎች ላይ ጉልበታችሁ አገጫችሁን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው በትሕትና መቀመጣችሁን አልረሳም። የዕለቱ ትምህርት ኪሎግራም ነበር። በመመሪያው እንደ ታዘዘው ከተማሪው የዕለት ኑሮ ለመነሳት፣ ቤቱ ውስጥ ዕቃ ሲመዘን ያየ ማን እንደ ሆነ ጠየቅሁ። እጅ የሚያወጣ ጠፋ። በሌላ ቀን ቢሆን ጣራውን የሚያነሡት ልጆች፣ ከኋላቸው ከተቀመጡት አንደኛው ሽጉጥ መታጠቁን አይተዋልና አንገታቸውን ደፉ። ጥያቄዬን ደገምኩት። ለሦስተኛ ጊዜ ስጠይቅ ጓድ ፈለቀ ሰዓታቸውን አዩ።

ይህን ጊዜ እጇን ያወጣችው ዘሀራ ሸኩር ናት። ዘሀራ ዓመቱን ሙሉ ካልጠሯት የማትናገር፣ ሲጠሯትም ለጎኗ ጓደኛ የምታንሾካሹክ ልጅ ናት። ያን ቀን የተናገረችው ዕውቀቷን ልታሳይ አይደለም፤ አስተማሪዋ በሰው ፊት ስታፍር ማየት ስላልቻለች ነው። "ቲቸር፣ እኛ ቤት አለ። አባዬ ሁለት ጆንያ ጀንፈል መዝኖ አልጋ ሥር አስገብቷል። አንዱ ሃምሳ ኪሎ ነው። ለአይሻ ኒካህ ነው" አለች። አይሻ ለጋብቻ የታጨች ታላቅ እህቷ ናት። ዘሀራ ሰሌዳው ጋ ወጥታም ሃምሳን በሁለት አባዝታ መቶ ኪሎ ብላ ጻፈች። ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና፣ ሁሉ ለገበሬ ማኅበሩ የሚገባ እንጂ ለሠርግ ተብሎ የሚቀመጥ አለመሆኑን ልጅቷ ከየት ታውቃለች? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ነገሩ በዚያው ሄደ። እናንተም አጨበጨባችሁላት። ቀጥለውም ጓድ ፈለቀ እጅግ በለሰለሰ ድምፅ "ጎበዝ፤ አባትሽ ማን ይባላል?" አሏት። ዘሀራ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ የአባቷን ስም ከነአያቷ፣ ቤታቸውም ከመስጊዱ ጀርባ መሆኑን ጨምራ ነገረቻቸው። ሲጠይቁሽ ሙሉ መልስ መልሺ ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ነዳጅ ይቆጠብ በሚባልበት ጊዜ አንድ መኪና በአንድ ጉዞ ሁለት ሥራ ስትሠራ ማየት ያስደስታል። ፈታኞቻችንን ያመጣችው ላንድሮቨር ስትመለስ ሸኩርን ይዛ ተመለሰች። ሸኩር ልብስ ሰፊ ነው፤ ከጓሮው ጥቂት የቡና እግር አለው፤ ሱቁም ከትምህርት ቤታችን ፊት ለፊት ስለሆነ ከሚሰፋበት ቦታ አስነሥታችሁ "ለጥቂት ጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል" ስትሉት ሁላችንም በመስኮት አይተናል። ዘበኛችን ጋሽ ፈይሳ ከበሩ ላይ ቆመው "ረቢ ቤካ" ሲሉ ሰምቻለሁ። እግዚአብሔር ያውቃል ማለታቸው ነው፤ እግዚአብሔር ያውቃል ማለት ያስጠይቃል የሚል መመሪያ እስካሁን አልደረሰንም። አቶ ወልደሰማያት ደግሞ በማግስቱ ቢሮአቸው ጠርተው በሩን ከዘጉ በኋላ "አይዞሽ፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም፤ ማንም ምንም አላጠፋም" አሉኝ። ማንም ሳያጠፋ ሰው የሚጠፋበት ከተማ ውስጥ መሆኔን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

አራተኛ፦ ፈቃዱን ይቀበል። የእኔው ማኅተሙ ጥርት ያለ፣ ወረቀቱም ወፍራም ነው። አብሮት የመጣው የምስጋና ደብዳቤ "የተማሪዎችን የቤት ውስጥ ኑሮ ወደ ክፍል በማምጣት ላሳየችው ከፍተኛ ችሎታ" ይላል። ከዚያ ወዲህ በከተማው ያለኝን ክብር ቢያዩልኝ ደስ ባለኝ። ገበያ ውስጥ ሳልፍ ባለሱቁ ሚዛኑን ከጠረጴዛው ላይ ያወርዳል፤ ሴቶቹ የጀመሩትን ወሬ ያቋርጣሉ፤ የማውቃቸው እናቶች ልጆቻቸውን በእጅ ይዘው መንገድ ይለቁልኛል። እንዲህ ያለ መከበር በአባቴ ቤት እንኳ አይቼ አላውቅም።

ለሚቀጥለው ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም። ሸኩር በተወሰደ ሰሞን፣ ልጆቹ ለዕረፍት ሲወጡ ዘሀራ ወደ ኋላ ቀረችና ወደ ጠረጴዛዬ መጥታ "ቲቸር፣ ብዜቱን ተሳስቼ ነበር እንዴ?" አለችኝ። አባቷ የታሰረው እርሷ ሒሳቡን ስለተሳሳተች መስሏታል። ሃምሳ በሁለት መቶ ነው፣ አልተሳሳትሽም አልኳት። "ታዲያ አባዬ ለምን አልመጣም?" አለች። የዚህን መልስ በማሠልጠኛው አላስተማሩኝም። አቅፌያት አለቀስኩ፤ ያለቀስኩትም በሥራ ሰዓት ስለሆነ ከደመወዜ ይቆረጥ።

እናቷ ጠይባ ለባሏ ስንቅ ይዛ በየሳምንቱ ጅማ ስትመላለስ ቆይታለች። ባለፈው ዓርብ ምግቡን እንዳለ መልሰው "ከእንግዲህ አታምጪ" ብለዋታል። የዚህ ቃል ትርጉም በዚህ አገር ለማንም እንደማይጠፋው እርስዎም ያውቃሉ። ጠይባ ግን "ወደ ሌላ ቦታ አዛውረውት ይሆናል፤ ኢንሻ አላህ ይጽፍልናል" ትላለች፤ ሸኩር ግን መጻፍ አይችልም። ስለዚህ የተከበሩ ጓድ፣ ያለበትን ቦታ፣ ከሌለም አለመኖሩን፣ በሁለት መስመር እንዲገልጹላት በታላቅ አክብሮት አመለክታለሁ። ለሦስተኛ ክፍል ተማሪ ያልከበደ ሙሉ መልስ ለእርስዎ አይከብድም።

ወደ ልምድ ማካፈሉ ልመለስ። የፊታችን ሰኞ ባልደረባዬ ከፈለ በሁለተኛ ክፍል የሞዴል ትምህርቱን ያቀርባል። እኔም እንዳዘጋጀው፣ ርዕሱን ግን ለሌላ ሰው ሳልገልጥ ለእርሱ ብቻ በጆሮው እንድነግረው አደራ ብለውኛል። ከፈለ ይህን ደብዳቤ የሚያነበው ከማንኛውም አላፊ አግዳሚ ጋር እኩል ነውና እርሱ የሚጠየቅበት ነገር የለም። ርዕሱ የመደመር ትምህርት ሲሆን ጥያቄው "ትናንት ማታ ቤታችሁ ውስጥ ስንት ሰው አደረ?" የሚል ነው። ልጁ እናትን፣ አባትን፣ እኅትን፣ ወንድምን ይደምራል፤ ጓድ ፈለቀም ድምሩን በጉልበታቸው ላይ ከሚዘረጉት የቀበሌው የቤተሰብ መዝገብ ጋር ያስተያዩታል። በየቤቱ ከውትድርና ምልመላ የቀረ ወጣት ይኖራል ብላችሁ በምትጠረጥሩበት በዚህ ሰሞን፣ ይህን የመሰለ የሒሳብ ትምህርት ከእናንተ በቀር ማን ያስበዋል? የልጁ ድምር ከመዝገቡ በአንድ ከበለጠ፣ ያ አንዱ ማን እንደ ሆነ ልጁ ራሱ ይነግራችኋል። በኩራት ነው የሚነግራችሁ፤ ወንድሙን ይወደዋልና።

አደራዎን አክብሬ ዝግጅቱን ከወላጆች ጀመርኩ። ርዕሱ እዚህ ላይ ከነጥያቄው ተጽፏል፤ ወላጅ ሁሉ ከሰኞ በፊት ልጁን ያስጠናው። ልጆቹንም በየዕረፍቱ እያገኘሁ በአቅሜ አስጠንቻለሁ። ዓመቱን ሙሉ አፋቸውን እንዲፈቱ ስለፋ ቆይቼ በዚህ ሳምንት ሆድ ይፍጀው ማለትን አስተማርኳቸው፤ የእንደዚህ ያለ ፈጣን ተማሪ አስተማሪ ሆኜ አላውቅም። ሰኞ መጥታችሁ ስትጠይቋቸው ሁሉም "አላውቅም" ቢሏችሁ የከፈለን ማርክ አትቀንሱበት፤ የእኔ እጅ ሥራ ነው። እኔም አልፈራሁም አልልም። ፈርቻለሁ፤ ግን እንደ ዘሀራ ሌላ ልጅ መጥቶ ምን ተሳሳትኩ ብሎ እንዳይጠይቀኝ ከዚያ ይልቅ እፈራለሁ።

ፈቃዱን ከምስጋና ጋር መልሻለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጎን ተለጥፏል። ፎቶግራፌ ስላለበት እኔን ፈልገው የሚመጡት ጓዶች መልኬን ለመለየት አይቸገሩም። ቤቴ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ነው፤ ብርድ ልብሴንም ጠቅልዬ በሩ አጠገብ አስቀምጫለሁና ብዙ አላስጠብቃቸውም።

ለተደረገልኝ ሁሉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ለኮሚቴዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለላንድሮቨሯም ባዶ የኋላ ወንበር እየተመኘሁ፣ በእናንተ ፈተና አልፌ በአንዲት ሕፃን ጥያቄ የወደቅሁት ታዛዣችሁ፣

የኔነሽ ሣህሉ
የካቲት ፲፱፻፸፯ ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ሰሌዳው ፊት ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ

ማሳሰቢያ፦ ይህን የምጨምረው ደብዳቤው ከተለጠፈ በኋላ በእስክርቢቶ ነው። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በከተማችን ማንበብ የማይችል ወላጅ እንዳልቀረ ሪፖርት አድርጋችሁ መሸለማችሁ ይታወሳል። ሪፖርቱ ትንሽ ቸኩሏል፤ ፊደል ያልቆጠሩ ገና ብዙ ናቸው። ቢሆንም አያስቡ፤ ዛሬ ጠዋት አንድ ሰው እዚህ ቆሞ ደብዳቤውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወደ ኦሮምኛ እየመለሰ ላላነበቡት አሰምቷቸዋል። ሰዉ ብዙ ነበር፤ የሁለተኛ ክፍል ልጆችም በሙሉ ነበሩበት። አንባቢው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ የፈለጉ እንደ ሆነ ልጆቹን ይጠይቋቸው።