የተዘለለው ቦይ

ይድረስ ለወንድምዓለም፤

እንዴት ሰነበትክ? ነቀምቴስ ተስማማችህ ወይ? እኛ ደህና ነን ብዬ እንዳልዋሽህ፣ አባባ ራሱን ተፈንክቶ ተኝቷል፤ ነፍሱ ግን አለች። መመታቱን ሰምተህ ልትመጣ ነው አሉ። አትምጣ! ይህን ወረቀት ጎረቤታችን ወለቴ እዚያው ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈርህ ድረስ ታመጣልሃለች፤ አንብበህ እዚያው ሁን።

መዘዙ ያ አንተ ያሳየኸን ዘዴ ነው። አንዱን ቦይ አጠጥቶ አንዱን መዝለል፣ በሚቀጥለው ተራ ደግሞ የተዘለለውን ማጠጣት። ድንቹ በግማሽ ውሃ እንዴት እንዳማረበት ብታይ! ከታች የሚያርሰው ወልደዮሐንስ ግን ደረቁን ቦይ እያየ፣ እነዚህማ ውሃ ተርፏቸዋል ይል ነበር። አንተ ጠዋት ወደ ነቀምቴ በተሳፈርክበት ቀን፣ በእኛ ተራ መጥቶ መዝጊያውን ናደና ውሃውን ወደ ሽንኩርቱ ለቀቀው። ያውም ድንቹ ፍሬ በሚቋጥርበት ሰዓት!

አባባ ሊዘጋው ሄደ። ተው፣ ተራችን ነው፣ ደረቁም ቦይ ተራውን ይጠብቃል እንጂ አልተረፈንም አለው። ያ እርጉም በዶማ ግንባሩን አለው። አባባ ቦዩ ውስጥ ተደፋ፤ ውሃው ደም ለበሰ። ወልደዮሐንስ ሊደግመው ዶማውን አነሳ፤ አላወረደውም። ከኋላው ማጅራቱን በአካፋ ተመታ፣ ከወደቀም በኋላ ተመታ። እዚያው ቀረ።

የወልደዮሐንስ ወንድሞች፣ ይሄ የወንድ ክንድ ነው፣ በዚያ ቤት ደግሞ ካንተ ሌላ ወንድ የለም ብለው፣ እዚህ አያና ከተማ መናኸሪያው ላይ ጠብመንጃ ይዘው ይጠብቁሃል። አባባ ከተኛበት ሆኖ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት ይላል፤ ቀድሞ የወደቀ ሰው እንዴት ይገድላል ብለው አላመኑትም። አንተ ያን ሰዓት መኪና ላይ ነበርክ ብዬ ብምል ብገዘትም፣ እህቱ አይደለች እንዴ፣ ምን ትበል! አሉኝ።

ተራ የሚያከፋፍለው የውሃ አባታችን ኦቦ ቀጀላ ትናንት መጣ። መዳፌን ገልብጦ የአካፋው እጀታ የላጠውን አየ። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሽማግሌ ልሰብስብ ወይ አለኝ። ሰብስብ አልኩት። አባቴን ቀብሬ ከማለቅስ ይሄ ይሻለኛል።

ነገ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ እውነቱን ከተናገርኩ በኋላ አንተን የሚፈልግህ አይኖርም። ያኔ ናና አባባን አስታምምልኝ፣ ድንቹንም አውጣ። ለእኔ ስንቅ ከያዝክ ግን ቤት አታድርሰው፤ አያና ፖሊስ ጣቢያ አምጣልኝ።

የእኔን ዕድሜ ላንተ ያርገው፤ መንገድህን ሁሉ እሱ ይጠብቅልኝ።

እህትህ