አባባና የተሰበረው ድልድይ

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ታናሽ ወንድሜ ለቶሞናሪ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ሥራህስ? የሞንትሪያል ብርድ አጥንትህ ድረስ ገብቶ ይሆን፣ ወይስ የበረዶ አገር ልጅ ነህና ብርዱ ራሱ ፈርቶህ ይሆን? ምግብስ በደንብ ትበላለህ? እማማ "ያ ልጅ በቆርቆሮ ምግብ ሆዱን ሊያበላሽ ነው" እያለች ስለምትብሰለሰል የደረቀ ዓሣና ለሾርባህ የሚሆን ሚሶ ልካልሃለች። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። የምጽፍልህ ስለ አባባ ነው፤ አትደንግጥ፣ ወሬው የሚያስቅ ነው።

በጋ ላይ የአባባ ቀኝ ትከሻ ተያያዘና ክንዱ ከደረቱ በላይ አልነሳ አለ። ሐኪሙ በየቀኑ እንዲያንቀሳቅሰው ቢመክረውም፣ መቼም ታውቀዋለህ፣ "ዕድሜዬን ሙሉ ባቡር ስነዳ ኖሬ እንደ ሕፃን እጅህን አንሳ፣ እጅህን አውርድ ልባል?" ብሎ አሻፈረኝ አለ። እኔም መላው ቢጠፋኝ፣ ያንን ሰው ሁሉ የሚሻማበትን አዲስ የጌም ማሽን ገዛሁ። እጀታውን ይዘህ ክንድህን ስትወዘውዝ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰውዬም አብሮህ ይወዛወዛል። ግን ፈርቼ ነበር። አባባ ያንተን ጌም ከቆሻሻ ጋር አውጥቶ ሲጥል፣ አንተም "ባቡር ነጂ አልሆንም!" ብለህ በሩን ዘግተህ ስትወጣ ታየኝ። ከዚያ ወዲህ ስምህን ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም።

መጀመሪያ ዞር ብሎም አላየው። እማማ ግን ከጎረቤታችን ከወይዘሮ ኩራታ ጋር በማሽኑ ኳስ አንከባሎ የቆሙ እንጨቶችን የመጣሉን ጌም፣ ቦውሊንግን፣ መጫወት ጀመሩና ቤቱ በሳቅ ሲናጋ አላስችል አለው። "እስቲ ወዲህ በሉ፣ አበላሻችሁት!" ብሎ ተነሳ። አሁን ሳቅ! ቀጥ ብሎ ቆመ። ኳሷን ከመወርወሩ በፊት፣ ድሮ ባቡር ከማስነሳቱ በፊት ያደርግ እንደነበረው፣ ቀኝ እጁን ዘርግቶ ቴሌቪዥኑን እየጠቆመ "ምልክቱ አረንጓዴ! መንገዱ ክፍት!" ብሎ ጮኸ። እጀታውን የያዘው በዚያው እጁ ነዋ! ኳሷ ሳያስባት ተፈትልካ ዳር ካለው ቦይ ገባች። ደግሞ ጠቆመ፣ ደግሞ ጮኸ፣ ደግሞ ኳሷ ሄደች። ወይዘሮ ኩራታ "ኧረ አቶ ሺራኢ፣ ባቡሩ ጥሎዎት ሄደ!" ሲሉት እማማ በሳቅ ተንከባለለች። በግራ እጅህ ጠቁም ብንለው "ምልክት በግራ እጅ ሲጠቆም የት አይታችኋል?" ብሎ ተቆጣን። ጡረታ ወጣ አሉ፤ ድንቄም ጡረታ! ብቻ ያ አልነሳ ያለ ክንድ፣ በየቀኑ ሲጠቁም ሲጠቁም፣ ትከሻው ድረስ መነሳት ጀመረ።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ባሌ ጁንጂ የድሮ ጌሞች እንደገና በኢንተርኔት መሸጥ መጀመራቸውን አይቶ አንዱን ገዛ። የትኛውን አትለኝም? ልጅ ሳለህ የማትለያትን ያንተን ቀበሮ! ያቺን ጃንጥላ ይዛ የምትዘለውን! ሙዚቃዋ ሲጀምር አባባ ጋዜጣውን አስቀመጠ። "ይቺ ያቺው አይደለችም እንዴ?" አለ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ከእሷ ጋር ሙጭጭ ነው። የተሰበረው ድልድይ ጋ ይደርስና ወንዝ ውስጥ ይወድቃል፤ ይነሳል፣ ይወድቃል፤ የሞኝ ለቅሶ መልሶ መልሶ። እኔ ልሞክርልህ ብለው በጄ አላለም። ትናንት ራት ላይ ድንገት "ድልድዩ ጋ እንዴት አድርጎ ነበር የሚዘለው?" አለኝ።

"ማን?" አልኩት፣ እያወቅሁ።

ሩዙን እያላመጠ "ከሥራ ስመለስ ከበሩ ኋላ ቆሜ አየው ነበር። አንድ ቀን እንኳ ወድቆ አያውቅም" አለ።

ቶሞዬ፣ ሰማህ? ቆሞ ያይህ ነበር! አንተም እኔም ሳናውቅ! እማማ "ታዲያ ደውልና ጠይቀዋ፣ አፍ አለህ አይደል?" ብትለው "እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይሆንም፤ አጠገብ ተቀምጦ ነው" ብሎ አቀረቀረ።

ዛሬ ጠዋት ሳይነግረን ወጥቶ ሁለተኛ እጀታ ገዝቶ መጣ። የዛሬው ማሽን ያቆሙበትን ቦታ አይረሳም፤ ቀበሮዋን ድልድዩ አፍ ላይ አቆማትና "ማንም እንዳይነካት! ቶሞናሪ መጥቶ ያሻግራታል" አለን። ቶሞናሪ ብሎ፣ በገዛ አፉ! እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ እማማ ደግሞ ለአዲስ ዓመት አንተ የምትወደውን የሩዝ ቂጣ፣ ሞቺን፣ ካሁኑ ማሰብ ጀምራለች። ና እንጂ ወንድሜ። ፈቃድ ጠይቅና ና።

እማማ ዓይንህን ሳላይ ዓመቱ እንዳይለወጥ ትልሃለች። ጁንጂ ቦውሊንግ ላይ እንደማይምርህ ከወዲሁ እወቅ ብሏል። ወይዘሮ ኩራታም አገባ ወይስ አላገባም ብለው ጠይቀዋል፤ አሁንም አልተውህም። አባባ ሰላም በይልኝ አላለም። ነገር ግን ላንተ እየጻፍኩ መሆኔን ስነግረው አዲሱን እጀታ ድሮ አንተ የምትቀመጥበት ትራስ ላይ አኖረው። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመና ያንን ክንዱን እስከ ላይ አንስቶ፣ ወደ በሩ እየጠቆመ "ምልክቱ አረንጓዴ! መንገዱ ክፍት!" አለ።

እህትህ ሳዋኮ
ናኦኤትሱ፣ ዲሴምበር 2 ቀን 2007