የረቡዕ ወረቀት

ረቡዕ፣ ኅዳር 3። ጠዋት 4 ሰዓት

ማባዣው ጋለ። እስኪበርድ አንተን፣ ማስታወሻ ደብተሬን፣ አወጣሁህ። ጣቴ ላይ ቀለም ስላለ ገጽህ ቢቆሽሽ አትቀየመኝ። ድሮም ከተበላሸ የፈተና ወረቀት ጠርዤ የሠራሁህ ነህ፤ ጀርባህ ሁሉ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ነው።

ዛሬ የት/ቤቱ ቀን። ረቡዕ ጠዋት ፈተናው ወደ ሱቄ ይመጣል፣ አባዛለሁ፣ ሐሙስ ከሰዓት ዘበኛው ይወስዳል፣ ዓርብ ልጆቹ ይፈተኑታል። በየሳምንቱ! ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል። ወር ሲሞላ ደግሞ የጋራ ፈተና የሚሉት አለ፤ በአካባቢው ያሉ ት/ቤቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ወረቀት ይፈተናሉ። ልጆቹ መቼ እንደሚማሩ እንጃ። እኔ ግን ከመስከረም ወዲህ ሥራ ፈትቼ አላውቅም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ እንደኔ በፈተና የሚኖር ሰው ካለ ይምጣና እንተዋወቅ።

አሁን የጋለው የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ ላይ ነው። የረድኤት ክፍል። ልጄ ናት፣ ዘጠኝ ዓመቷ። ያለፈው ዓርብ ት/ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ጫማዋ ላይ አስመለሳት። ከዚያ በፊት በነበረውም ዓርብ እንዲሁ። ሐሙስ ከሰዓት ጀምሮ እህል አትቀምስም። መምህርቷ ትለምደዋለች ትላለች። ምኑን ነው የምትለምደው? ትውከቱን?

ሰው መጣ። ከቁይ የመጣ ገበሬ፣ የመሬት ደብተር ኮፒ። ቆይ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5። 6 ሰዓት ተኩል

3 ከ10።

ንዴቴ አልበረደልኝም። ውጤቱን እኮ ጮክ ብለው ነው የሚያነቡት፤ ከአንደኛው እስከ መጨረሻው፣ ስም በስም። ረድኤት 54ኛ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት 58። ይቺ ልጅ እዚህ ሱቅ ቁጭ ብላ ወረቀት በስድስት በስድስት እየቆጠረች ስቴፕለር የምትመታልኝ ልጅ ናት! ስድስት ጊዜ ስምንት ስላት ቀና ሳትል ነው የምትመልስልኝ። ወረቀቱ ፊቷ ተቀምጦ በሩ ሲዘጋ ግን ጥርግ ይልባታል። ቁጥሮቹ ይሮጡብኛል አለችኝ።

ከትርንጎ ጋር ተጨቃጨቅን። ባለቤቴ ናት፣ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትሠራለች። ሄደህ ዳይሬክተሩን አናግር አለች። ሥራ የሚሰጠኝን ሰው ምን ብዬ ነው የማናግረው አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ራሴን ሰማሁት። አፈርኩ። እሷ ነጠላዋን አንሥታ ወደ ሥራዋ ሄደች።

በር ላይማ ወላጅ ሁሉ ያማርራል። አንዱ ልጄ ይቃዣል ይላል፣ አንዷ ልጄ ፍራሽ ላይ መሽናት ጀመረ ትላለች። ዳይሬክተሩ ብቅ ሲሉ ሁላችንም ጎንበስ ብለን እንደምን አደሩ። እኔም አንዱ ነኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። 11 ሰዓት

ስማኝማ። አንድ ነገር ሠራሁ።

ወረቀቱ እንደ ወትሮው መጣ፣ አባዛሁ። ረድኤት ከት/ቤት መጣች፣ ወንበሯ ላይ ወጣች፣ ስቴፕለሯን ያዘች። የራሷን ክፍል ወረቀት አስነክቻት አላውቅም፤ ከመጋረጃው ኋላ ነው የማስቀምጠው። ከዚያ እንደ ጨዋታ አድርጌ፣ አንድ ሰው ሰባት በግ አለው እንበል ብዬ ጀመርኩ። መለሰች። አርባ ሁለት ሎሚ ለስድስት ሰው ሲካፈልስ? መለሰች። አሥሩንም ጠየቅኳት፣ በተራ። በጉም ሎሚውም የወረቀቱ ነው። አንዱን ሳተች፣ አረምኳት፣ መልሼ ጠየቅኳት።

ልጻፈው፣ አልጻፈው ስል ነበር። ይኸው ጻፍኩት። አባት ልጁን ያስጠናል፤ ይህ ምን ኃጢአት አለው? ለትርንጎ ግን አልነገርኳትም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል። 6 ሰዓት

አሥር ከአሥር!!

ቁርሷን በላች። አላስመለሳትም። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበላት፣ መምህርቷ በር ድረስ ወጥታ ምን አግኝታችሁ ነው አለችን። ትርንጎ እዚያው እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔም ጮቤ ረገጥኩ፣ አንተን አልዋሽህም። ሱቅ ዘግቼ ሦስታችንም ጭማቂ ቤት ገባን። ረድኤት ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ አልጠጣችም። ደክሟት ነው አልኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ደገምኩት። ሌላ አትጠይቀኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19። 9 ሰዓት

አሁንም አሥር። ዳይሬክተሩ አስጠሩኝ። ነቁብኝ ብዬ ሄድኩ። እሳቸው ግን ወንበር ሳቡልኝ።

ሁለት ነገር ነገሩኝ። ረድኤት ለጋራ ፈተናው የት/ቤቱን ስም ከሚያስጠሩት ልጆች ጋር ተመርጣለች፤ ስለዚህ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜም ትፈተናለች። ቅዳሜም! ከአንድ ፈተና ላድናት ብዬ ሁለት አሸከምኳት። ሁለተኛው ደግሞ፣ የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ አለ። ተነሥቼ ልጄን ቤት ውስጥ እንዴት እንደማግዛት እንድናገር። አርአያ ወላጅ ማለት እኔ! ወላጁ ፈተና በዛ እያለ ያጉረመርማል፣ አንተ ብትነግራቸው ይሰማሉ አሉኝ።

እሺ አልኩ። ምነው ምላሴን በቆረጠው።

ሰኞ፣ ኅዳር 22። ረፋድ

ወ/ሮ ሙሉ፣ ት/ቤቱ በር ላይ አብረን የምናማርረው እናት፣ ከአንድ አባት ጋር መጣች፤ ሰውየው ከአማኑኤል ከተማ ተዛውሮ የመጣ ነው። ማመልከቻ ጻፍልን አሉኝ። ለስብሰባው ነው። ሳምንታዊው ፈተና በወር አንዴ ይሁን፣ ውጤት በሰው ፊት አይነበብ፣ ልጆቻችን ይማሩ። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እተይባለሁ። የልጇን ነገር አስገባልኝ አለች። ሁለተኛ ክፍል ነው። ክረምቱን በሙሉ መንገድ ላይ ያገኘውን ታፔላ ሁሉ ጮክ ብሎ እያነበበ ሰው ያስቅ ነበር። አሁን አንብብልኝ ስትለው ጆሮውን ይይዛል። ይህን ስትነግረኝ ሁለት ቃል ስቼ ተየብኩ።

አርባ አንድ ሰው ሊፈርም ቃል ገብቷል። ፈርምበት እንጂ አለችኝ። የአማኑኤሉ ሰውዬ ሳቀ፤ እሱ ምን ቸገረው፣ የሱ ልጅ አሥር ከአሥር! አብሬ ሳቅኩ። ሰው እንዴት እንዲህ ይስቃል? አልፈረምኩም። ቀለም ነክቶኛል፣ ወረቀቱን አቆሽሻለሁ ብዬ አመካኘሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24። 10 ሰዓት ተኩል

ሱቁን ዘግቼ ነው የምጽፈው።

ዛሬ አልጠይቃትም ብዬ ማልኩ። ወረቀቱን አባዛሁ፣ ከመጋረጃው ኋላ አደረግኩ። ረድኤት መጣች። ተቀመጠች። ስቴፕለሩን አላነሣችም፣ እኔን ታያለች። ሰው እስኪወጣ ጠበቀች። በሩን ገርበብ አደረገችና ድምጿን ቀንሳ፦

«አባዬ፣ ዛሬስ አትጠይቀኝም?»

ለምን አልኳት። ፈተናው ነዋ አለች። ከመጀመሪያው ዓርብ ጀምሮ ታውቃለች! ወረቀቱን ገልብጣ ሰባቱን በግ ስታይ ያን ጊዜውኑ። ለማንም አልነገረችም፤ ለእናቷም፣ ለጓደኛዋም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ይህን ነገር ብቻዋን ተሸክማ ስትወጣ ስትገባ እኔ ጭማቂ እጋብዛለሁ።

ከዚያ ያለችውን ልጻፈው፣ እንዳልረሳው።

«እንዳይነቁብህ አንዱን ልሳትልህ?»

የዘጠኝ ዓመት ልጅ! እኔን ለመሸፈን። እንዲያ ጫማዋ ላይ ሲያስመልሳት እንኳ የፈራችው ለራሷ ነበር። አሁን የምትፈራው ለእኔ ነው። ከመጋረጃው ኋላ ገብቼ አለቀስኩ። ሰምታኛለች። አልጠየቅኳትም።

ዓርብ፣ ኅዳር 26። 8 ሰዓት

2 ከ10። በር ላይ አስመልሷት ነበር፣ አፏን አብሼላት ገባች።

ዳይሬክተሩ ደወሉ። ልጅ አይደለች፣ አሟት ይሆናል፣ አንድ ቀን ምንም አይደለም፣ የነገውን ንግግር እንዳትረሳ። አልረሳም አልኳቸው።

ለትርንጎ ምሳ ሰዓት ላይ ነገርኳት። ሁሉንም። ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ ሳህኑን ከፊቴ አነሣች፣ አጠበች፣ መልሳ መጥታ ተቀመጠች። አንተ ጎበዝ አባት ልትሆን ልጄን ሌባ አደረግሃት አለች። እውነቷን ነው። ከዚያ ደግሞ ፈራች። ከእንግዲህ ወረቀቱን ማን አምኖ ይሰጥሃል? ልጆቹስ ረድኤትን ምን ይሏታል? እኔም ሳምንቱን ሙሉ ስፈራ የከረምኩት ይህንኑ ነው። ሱቁስ ይቅር፣ የልደት ካርድና የሠርግ ጥሪ አባዝቼ እኖራለሁ። የእሷን ነገር ግን ምን ላድርግ? መጨረሻ ላይ ትርንጎ፣ መጀመሪያ ለራሷ ንገራት፣ እሷ እንቢ ካለች አትናገርም አለች።

ረድኤትን ጠራኋት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ያንቺ አይደለም አልኳት። ነገ ሰው ፊት ልናገር ነው፣ አንቺ ግን አትናገር ካልሽኝ ዝም እላለሁ። ትታሰራለህ? አለች። አልታሰርም። ቅዳሜ ቅዳሜስ መፈተኑ ይቀርልኛል? የሚቀር ይመስለኛል። ያጨበጨቡልኝንስ ይወስዱብኛል?

ሳልዋሽ አዎ አልኳት።

ይውሰዱት አለች። ከዚያ ዳቦ ቆርሳ በላች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27። 3 ሰዓት ተኩል፣ ት/ቤቱ አዳራሽ

ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የምጽፍብህ። አዳራሹ ሞልቷል፣ ጉሙ ገና ስላልተገፈፈ ሰው ሁሉ ጋቢውን እንደተከናነበ ነው። ትርንጎ በግራዬ፣ ረድኤት በቀኜ።

ወ/ሮ ሙሉ ተነሥታ ማመልከቻውን አነበበች። መሐል ላይ የልጇ ነገር ጋ ስትደርስ ቆመች፣ አልቻለችም፣ የአማኑኤሉ ሰውዬ ተቀብሎ ጨረሰላት። ጭብጨባ የለም። ሁሉም ዳይሬክተሩን ያያል።

ዳይሬክተሩ እየመለሱ ነው። ፈተናው ልጅ አይጎዳም፣ የሚጎዳው የወላጅ አለመከታተል ነው አሉ። ማስረጃ አለኝ ይላሉ። ከሦስት ሳምንት በፊት ደረጃዋ ሃምሳዎቹ ውስጥ የነበረች ልጅ፣ አባቷ ስለተከታተላት ብቻ... ስሟን ጠሩ። ሰው ዞሮ ያየናል። ወ/ሮ ሙሉም አየችኝ። ፊቷ ላይ ያየሁትን መጻፍ አልችልም።

አሥር ደቂቃ የሚሆን ንግግር ጽፌ ነበር፤ ይቅርታ፣ ምክንያት፣ ምናምን። አሁን ቀደድኩት። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ ፈተናውን ለልጄ አስቀድሜ የነገርኳት እኔ ነኝ፣ ያስነገረኝም ዓርብ ዓርብ በር ላይ የሚያስመልሳት ፍርሃቷ ነው። ማመልከቻው በሰው እጅ እየዞረ እኔ ጋ ደረሰ። ፈረምኩ። አርባ ሁለተኛ።

ስሜን ጠሩ። አቶ ምንይችል ይባላሉ፣ አርአያችን ናቸው። ያጨበጭባሉ። ትርንጎ ሳይቀር፣ ከድንጋጤ። ረድኤት ብቻ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ እኔን ታያለች። ልነሣ ነው፣ ያችን አንድ ዓረፍተ ነገር ልናገር።