ከክምሩ ግርጌ የተዘገነ ጠጠር

ወላይታ ሶዶ
ሰኞ፣ ነሐሴ 3 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለትምህርት ህንድ አገር ገብታ አጎቷን ለረሳችው ለእህቴ ልጅ ለዓመለወርቅ፣

የእኔ ዓመሌ፣ ሰላምታውን ወደ ኋላ እናድርገውና መጀመሪያ አንድ ነገር ልለምንሽ። ከድንጋይ ካባው መሥሪያ ቤት ክብ ማኅተም ያለበት ቡናማ ፖስታ ከደረሰሽ መልስ እንዳትጽፊ። ጽፈሽም ከሆነ ፖስታ ቤት አትውሰጂው። ወስደሽም ከሆነ ሮጠሽ አስመልሺው፤ ልጅ ሳለሽ ከእናትሽ አርጩሜ የምታመልጪበትን ሩጫ አልረሳሁትም። የእነሱ ደብዳቤ ዓርብ ዕለት በአደራ ወጥቷል። የእኔ ገና ዛሬ ነው። ሦስት ቀን ቀድመውኛል።

ስልክም ሞክሬአለሁ። ቴሌ ሄጄ በሰጠሽን ቁጥር ሁለት ጊዜ አስደወልኩ። አንድ ሰውዬ አነሳና በቋንቋው ብዙ አወራኝ፤ እኔም በወላይትኛ ብዙ አወራሁት። በፍቅር ተለያየን። አንቺን ግን አላገናኘኝም።

አሁን ሰላምታ። እናትሽ ደህና ናት፤ በበዴሳ ገበያ በቆሎና ቦሎቄዋን እንደያዘች ነው። ዳሞታ ተራራ ደመናውን ከተከናነበ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው፤ ጫፉን ካየን ቆየን። ዳጣ ልንልክልሽ ነበር፤ የፖስታ ቤቱ ልጅ አሸተተውና «ይሄማ አውሮፕላኑን ያስነጥሰዋል» ብሎ መለሰን። የህንዱ ቃሪያ እንዴት ነው? አስለቀሰሽ ወይስ አላስለቀሰሽም? እውነቱን ንገሪኝ።

እውነት ካነሳን አይቀር እኔም የምነግርሽ አለኝ።

በግንቦት የለካሽውን፣ የተፈጨ ድንጋይ የሚለየውን ነዛሪ ወንፊት መቼም አትረሺውም፤ በካባው ላቦራቶሪ ስትሠሪ የመጀመሪያ ፊርማሽ ያረፈው እሱ ላይ ነው። ያኔ ያስረዳሽኝን እስከ ዛሬ ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ እነግራለሁ፦ ወንፊቱ ላይ ከሚፈሰው ድንጋይ ውስጥ በቀዳዳው ማለፍ የሚገባው ደቃቅ መቶ ኪሎ ቢሆን፣ በእርግጥ ያለፈው ስንቱ ነው? ያላለፈው በትልልቁ ጠጠር ጀርባ ላይ ተፈናጦ በነጻ የሚሳፈር ነው። አንቺ «ዘጠና ሦስት አለፈ» ብለሽ ፈረምሽ። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ብሩ ወረቀቱን በመስታወት አድርጎ ቢሮው ውስጥ ሰቀለው። በገሱባ መንገድ ላይ ለሚሠራው ድልድይ፣ ዜሮ ሁለት ለምንለው የኮንክሪት ጠጠራችን ተቀባይነት ያሰጠው ያ ወረቀት ነው።

ለልኬቱ ድንጋዩን ከሚያጓጉዘው ቤልት ላይ ናሙና ያስፈልግ ነበር። አንቺ ለፓስፖርትሽ አዲስ አበባ ስትመላለሺ ሥራውን ለእኔ ሰጠሽኝ። «አጎቴ፣ ቤልቱን አስቁም፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ክንድ ያህል ጥረግና ውሰድ፤ ዱቄቱንም በመጥረጊያ። አደራህን ከክምሩ እንዳትዘግን» አልሽኝ። ስትመለሺ ጆንያዎቹን አየሽና «ከቤልቱ ነው አይደል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «ታዲያ ከየት ሊሆን ነው?» አልኩሽ።

ዜሮ ሁለቱን ከክምሩ ነው የዘገንኩት፣ ልጄ።

ቤልቱ ጭነት እንዳለው ከቆመ እንደገና ለማስነሳት ግማሽ ቀን በአካፋ ማራገፍ አለ። እኔ ደግሞ ለሽኝትሽ የሚታረደውን በግ ልገዛ ቦምቤ ገበያ ለመሄድ ቸኩያለሁ። ስለዚህ ጎንበስ አልኩና ከግርጌው ሞላሁ። ትልልቁ ጠጠር ከክምሩ አናት እየተንከባለለ ወርዶ ግርጌው ላይ ይሰበሰባል፤ ዱቄቱ ሆዱ ውስጥ ይቀራል። አንቺ የመዘንሽው ታጥቦ የተበጠረ የሚመስለውን ነው። ይህን አላውቅም ነበር ብዬ ልጽፍልሽ አስቤ ነበር። አውቅ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ያን ክምር ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ትንሽ ነገር መስሎኝ ነው።

ትንሽ አለመሆኑን ያወቅሁት በእናትሽ ነው። በሐምሌ መጀመሪያ የሱቋ ደጃፍ ጭቃ ሲሆንባት ሁለት ጆንያ ዜሮ ሁለት ወስጄ አፈሰስኩላት። በማግስቱ ዘነበ፤ ከጠጠሩ ሥር ግራጫ ወተት ይወርድ ጀመር። እህቴ ዘመነች እጇን ከታች ሰዳ ጭብጥ ሙሉ አወጣች።

«ይሄ ምንድነው?»

«ዜሮ ሁለት።»

«ለገንፎ ነው ለቤት?»

«የልጅሽ ፊርማ ያለበት ጠጠር ነው እኮ፤ በአክብሮት ያዥው።»

«ልጄ የቱን አይታ ነው የፈረመችው?»

ጎንበስ ብዬ ጠጠሩን ማስተካከል ጀመርኩ። እኔ ሳልቀልድ ስቀር እናትሽ እንደምትደነግጥ ታውቂያለሽ።

«ኤርካሎ፣ አንተ በቆሎ የምትገዛው ከጆንያው አፍ ዘግነህ ነው? ነቀዙ መቼ ከላይ ተኝቶ ያውቃል!»

በሳምንቱ ጄኔሬተራችን ቤልቱ እንደተጫነ ቀጥ አለ። እግዜር ራሱ ያስቆመልኝ ናሙና ነው። ወደ ወንፊቱ ከሚገባውም፣ ከላይ ከሚቀረውም፣ ከሚያልፈውም ልክ እንዳልሽው ከዳር እስከ ዳር ጠርጌ ወሰድኩ። በቆርቆሮ ላይ አድርቄ፣ በላቦራቶሪው የእጅ ወንፊት ነፍቼ፣ በእናትሽ ሚዛን መዘንኩ። ስድሳ ስምንት። ደግሜ አሰላሁት፤ ስድሳ ስምንት። ሦስተኛውን ጊዜ ዘመነች እንድታሰላ ሰጠኋት፤ በቃሏ ነው የምታሰላው፤ እሷም እዚያው ደረሰች።

አቶ ብሩ ዘንድ ገባሁ።

«ዝናቡ ነው» አለኝ ወረቀቴን ሳይጨርስ። «እርጥብ አፈር ቀዳዳውን ይደፍነዋል። በግንቦት ዝናቡ ጋብ ብሎ ደረቅ ነበር።»

«የግንቦቱም ልክ አልነበረም። ናሙናውን ከክምሩ የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

ሳቀ። «ጋሽ ኤርካሎ፣ ደግሞ ዛሬ ምን አመጣህ?»

ባይስቅ ነበር የሚገርመኝ። አዲሱን ሠራተኛ ጀሪካን አስይዤ «ከሶዶ ገበያ ለወንፊቱ አምስት ሊትር ንዝረት ገዝተህ ና» ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። «ከዞን መጥተው ሠራተኛውን በሙሉ ወንፊቱ ላይ ሊያቆሙ ነው፤ በቀዳዳው የሾለከ ይቀነሳል» ብዬ ሒሳብ ሹሟን ሁለት ሳምንት ምሳ ደርባ እንድትበላ ያደረግኳት እኔ ነኝ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ቀልድ ዘርቼ በአንድ ቀን እውነት ልሰበስብ አማረኝ።

እምቢ ሲለኝ የጭነት መኪና ላይ ተንጠላጥዬ ወደ ድልድዩ ሄድኩ። የድልድዩ ኢንጂነር ሄኖክ የሚባል ልጅ ነው፤ ካንቺ ቢበልጥ በሦስት ዓመት ነው፤ አግብቷል፣ አትጓጊ። ጠጠሩን ባልዲ ውስጥ በውኃ አጥቤ አሳየሁት። እሱ አልሳቀም። ሊሞላ የነበረውን የድልድዩን ወለል፣ ሶሌታውን፣ በዚያው ቀን አስቆመ፤ ዱቄቱ ኮንክሪቱን ስለሚያደክም ጠጠሩ ታጥቦ ካልመጣ አንድ አካፋ አይገባም አለ። እሰየው ብዬ ሳልጨርስ ግን አንደኛውን የድልድዩን እግር አሳየኝ። በሰኔ መጀመሪያ የተሞላ ነው፤ ካንቺ ወረቀት በኋላ፣ ክረምቱ ሳይገባ።

«ጋሼ» አለኝ፣ «የግንቦቱ ልኬት ትክክል ከሆነ ይህ እግር ጤነኛ ነው፤ ሥራዬን እቀጥላለሁ። ትክክል ካልሆነ በስቼ አየዋለሁ፤ ደካማ ከሆነም አፈርሰዋለሁ። አንተ አንድ ትላለህ፣ አለቃህ ሌላ ይላል። የፈረመችው እሷ ናት፤ እሷ ትናገር።»

ፖስታው የሚጠይቅሽ ይህንኑ ነው፦ ናሙናውን ማን ወሰደ፣ ከየት ወሰደ? አንቺ ደግሞ እኔ የነገርኩሽን አምነሽ «ከቤልቱ» ብለሽ በቅንነት ትጽፊያለሽ። ያኔ እግሩ ሳይፈተሽ ሶሌታው ይጫንበታል። በገበያ ቀን ከገሱባ በኩል ስንት ሰው ከነአህያው እንደሚመጣ አንቺ ታውቂያለሽ።

ባለፈው ቅዳሜ ብቻዬን ሄጄ እግሩን አየሁት። ውኃው እስከ ወገቡ ይዞታል። በመዶሻ መታ መታ አድርጌ ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ድንጋይን በድምፁ አውቀዋለሁ ብዬ ስኮራ አልነበር? ወንዙ ይጮኻል፣ ምንም አልሰማሁም። ሁለት ሴቶች እንሰት ተሸክመው በእንጨቱ መሸጋገሪያ ሲያልፉ «ሰውዬው ድልድይ ያናግራል» ተባባሉብኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ድልድዩ ምን እንዳለኝ እነግራቸው ነበር።

ደግሞ ሌላ የሚያስፈራኝ ነገር አለ። ይህን አንብበሽ አጎቴን ላድን በሚል «ከክምሩ የወሰድኩት እኔው ራሴ ነኝ» እንዳትዪ። ታደርጊዋለሽ። እኔ የሰበርኩትን እንስራ «እኔ ነኝ» ብለሽ የተገረፍሽልኝ በሰባት ዓመትሽ ነው፤ እኔ ጢም አውጥቼ በር ላይ ቆሜ እያየሁ። ያኔ ዝም አልኩ። አሁን ዝም አልልም። ራስሽ ባልወሰድሽው ናሙና ላይ በመፈረምሽ ይቆጡሻል፤ ይቆጡሽ፤ ቁጣ ያልፋል። ሆን ብላ አጭበረበረች ከተባልሽ ግን ያን ስም በምን ውኃ ታጥቢዋለሽ?

ስለ እኔ እንዳታስቢ፤ ምንም አልሆንኩም። ሳላስፈቅድ ድልድዩ ድረስ በመሄዴ አቶ ብሩ ትንሽ ተቀይሟል፤ እስኪጣራ ዕረፍት ውሰድ ብሎኛል። ዕረፍት ደግሞ ስፈልገው የነበረ ነገር ነው። የወንፊቱን ክፍል ቁልፍ ለጊዜው አስረክቤአለሁ። ቆቡንም፤ ድሮም ይጠበኝ ነበር። መታወቂያውንም ተቀብለውኛል፤ ፎቶው አያምርም፣ ታውቂዋለሽ። ማለዳ ማለዳ የካባው መኪና በደጄ ሲያልፍ ሹፌሩ ጥሩምባ ይነፋልኛል፤ እኔም እጄን አነሳለታለሁ። ከዚያ ከእናትሽ ጋር በሚኒባስ ወደ በዴሳ እወርድና ጆንያ አወጣላታለሁ፣ አወርድላታለሁ። ወገቤ እንደ ወጣት ነው። ለጡረታዬም ሁለት ዓመት ብቻ ነበር የቀረኝ፤ አሁንም ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ ማለቴ ነው።

እናትሽ አጠገቤ ተቀምጣ «ስለ ቁልፉ ጻፍክላት?» ትለኛለች። ጽፌአለሁ አልኳት። «አንብብልኝ» ስትለኝ መነጽሬ ጭጋግ ሆነ አልኳት።

እንዳትቸገሪ መልሱን እኔው አርቅቄልሻለሁ፤ በእጅሽ ገልብጪውና ፈርሚበት፦

«የዜሮ ሁለቱን ናሙና እኔ አልወሰድኩም። የወሰደው አጎቴ ኤርካሎ ነው። ከቤልቱ እንደወሰደ ነግሮኝ ነበር፤ አሁን ግን ከክምሩ ግርጌ እንደወሰደ በደብዳቤ አረጋግጦልኛል። የግንቦቱ ልኬት ዋጋ የለውም። እግሩ ይፈተሽ።»

ከዚህ አንድ ቃል እንዳትጨምሪ። በተለይ «ደግ ሰው ነው፣ እባካችሁ» የሚል ነገር እንዳላይ። «አጎቴ» የሚለው ከከበደሽ ግን «የማሽን ሠራተኛው» ብለሽ ጻፊ፤ አልቀየምሽም። ሌላው እንደተጻፈው ይሁን።

ከዛሬ ጀምሮ የምትፈርሚበት ሁሉ ይጽናልሽ፤ ባንቺ ቃል የሚሻገር ሁሉ በደህና ይሻገር። እግዚአብሔር ከክፉ ይጠብቅሽ፤ ከእንደኔ ዓይነቱም ረዳት ይሰውርሽ። እናትሽ ሁለቱን ጉንጭሽን ትስማለች።

የዋሸሽ፣ የሚወድሽ፣
የማሽን ሠራተኛው ኤርካሎ