ያልደረቀው ጥግ

እሁድ

ፕራይመሩ አልደረቀም ነበር። ቆሜ እያየሁ ነው ቶርቹን የለኮሱት። ዝም አልኩ።

ለምን ዝም እንዳልኩ እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ? የመስቀል ጥድፊያ ነው። በዚህ ሳምንት ወልቂጤ ውስጥ ልቡ ሥራ ላይ ያለ ሰው ካለ አሳዩኝ። ለሠራተኞቹ የቀራቸው የወሊድ ክፍሉ ጣሪያ አንድ ጥግ ብቻ ነው፤ ለበዓሉ ወደ ቸሃ የሚወስዳቸው ሚኒባስ ደግሞ እታች ጥሩምባውን ይነፋል። ፕራይመር ማለት ሜምብሬኑ፣ ውሃ የማያስገባው የጣሪያ ምንጣፍ፣ በቶርች እሳት ሲሞቅ ከኮንክሪቱ ጋር እንዲጣበቅ ቀድሞ የሚቀባው ጥቁር ቅብ ነው። ሲነኩት እጅ ላይ እስከማይቀር ድረስ መድረቅ አለበት። አልጠበቁትም፤ ሥራውን የምቆጣጠረው ደግሞ እኔ ነኝ።

ልናገር አፌን ስከፍት ፎርማኑ ጋሽ ሳህሌ ቀደመኝ። "ሰናይት፣ ለመስቀል ብቻሽን እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ቤት ነይ እንጂ! እርዱ ረቡዕ ነው። ለባለቤቴም ነግሬያታለሁ።"

እዚህ ከመጣሁ ስምንት ወሬ። ሰዉ ሁሉ "ኢንጂነሯ" ነው የሚለኝ። በስሜ የሚጠራኝ እሱ ብቻ፣ ቤቴ ነይ ያለኝም እሱ ብቻ። አፌን መልሼ ዘጋሁት። በአንድ ግብዣ ተገዛሁ። ወይ አንቺ ሴትዮ!

ሰኞ

ጣሪያው ነፋስ ይችል እንደሆነ መሞከር ጀመርኩ። ነፋስ ጣሪያን የሚጫነው ይመስለናል እንጂ ወደ ላይ ነው የሚስበው። እኔም ያንኑ አደርጋለሁ፦ ትልቁን የፕላስቲክ ቆብ ሜምብሬኑ ላይ እደፋለሁ፣ በፓምፕ አየሩን እመጥጣለሁ፣ የግፊት መለኪያ ጌጁን እያየሁ ይነሳ እንደሆነ እጠብቃለሁ።

መሐሉን አራት ቦታ ሞከርኩ። ንቅንቅ አላለም። ጎበዞች ናቸው እኮ ሲፈልጉ!

ጥጉን አልነካሁትም። ነፋስ አብዝቶ የሚያጠቃው ጥግን መሆኑን ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ዘበኛው ከድር ጄኔሬተሩን አስነስቶልኝ ወደ ቤቱ ሄደ። ቀኑን ሙሉ የተናገርኩት "አመሰግናለሁ" ብቻ ነው።

ማክሰኞ

ጥጉን ዛሬም ያልሞከርኩባቸው ምክንያቶች፦ ጠዋት ካፊያ ነበር። ነዳጅ አለቀ። ነዳጁ ተገኘ፣ ራሴን አመመኝ። ራስ ምታቱ ለቀቀኝ፣ መሸ።

ጋሽ ሳህሌ ደወለ። ከኋላው የልጆች ጫጫታ፣ ሳቅ። "ነገ እንጠብቅሻለን፣ ቀረሁ እንዳትዪኝ!" አለ። ቀጥሎም፣ "ጣሪያውስ?"

"እስካሁን ጥሩ ነው።"

ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም። የመሐሉን ውጤት ብቻ አያይዤ ብፈርም ማን ያውቃል? አራስ ከነልጇ የምትተኛው ከዚያ ጥግ በታች ነው። በመጀመሪያው ዝናብ የምታውቀው እሷ ናት።

ዝምታ ወርቅ ነው ያለ ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ አያውቅም።

ረቡዕ

ለግብዣው ለባብሼ ነበር። መነኸሪያ ልሄድ ወጥቼ እግሬ ወደ ሳይቱ ወሰደኝ።

ጥጉ ላይ ቆቡን ደፋሁ። ጌጁ ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ሜምብሬኑ ቡፍ ብሎ ተነሳ። በምላጭ ቀደድኩት። ከሥሩ ያለው ቅብ ገና እርጥብ ነው፤ ጣቴን አጠቆረው። ነጩ ቀሚሴም አልተረፈም።

መጀመሪያ ሄጄ ልብላ፣ ከበዓሉ በኋላ እነግረዋለሁ ብዬም አስቤ ነበር። አስቤያለሁ፣ አልክድም። የሰው እንጀራ በልቼ በማግስቱ ጉድ ላወጣበት? እዚያው ጣሪያው ላይ ቆሜ ደወልኩ።

ነገርኩት። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "አንቺ እዚያ አልነበርሽም እንዴ?"

"ነበርኩ፣ ጋሼ።"

"እርጥብ መሆኑን አይተሻል?"

"አይቻለሁ።"

"እና ምነው ዝም አልሽ?"

ቤቴ ነይ ስላልከኝ ነው ይባላል? ስልኩ ተዘጋ።

ሐሙስ

የማድርበት ፔንሲዮን ባለቤትም አገር ቤት ገብታለች። ያለሁት እኔና የጓሮው ድመት ነን። ቁርስ ዳቦ። ምሳም ዳቦ። ስልኬ ድምፁ ጠፍቶ እንደሆነ ሦስት ጊዜ አየሁ። አልጠፋም፣ የደወለ የለም።

ሪፖርቱን ጻፍኩ። ጥጉ ፈተናውን ወድቋል። ከሥሩ ጨመርኩበት፦ "ቅቡ ሳይደርቅ ሲነጠፍ በቦታው ነበርኩ፤ አላስቆምኩም።" ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ሰርዤ ሁለት ጊዜ ጻፍኩት። ላክሁት። ዋና መሥሪያ ቤት ምን እንደሚሉኝ እንጃ።

አለቀስኩ። ለሥራዬ አይደለም። ያንን ቤት አንድ ቀን እንኳ ሳልረግጠው አጣሁት።

ቅዳሜ

ጠዋት ሳይቱ ስደርስ መሰላሉ ላይ ኮቴ ይሰማል። ጋሽ ሳህሌ ነው፣ ከሁለት ሠራተኞች ጋር። በዓሉን ትተው መጥተዋል። "እንኳን አደረሳችሁ" አልኩ። ሠራተኞቹ ጉምጉም አሉ። እሱ ቀና አላለም።

ጥጉን በገዛ እጁ ገሽልጦ አነሳው። ኮንክሪቱን አስጠረገ፣ አስፈገፈገ፣ አዲስ ፕራይመር አስቀባ። አንደኛው ሠራተኛ ቶርቹን አንስቶ መጠጋት ሲጀምር ጋሽ ሳህሌ እጁን ዘርግቶ አስቆመውና ወደ እኔ ዞረ። ከረቡዕ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

"ነይ፣ ንኪው።"

ተንበርክኬ ነካሁት። ጣቴ ጠቆረ።

"ደርቋል?"

"አልደረቀም" አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

"ጮክ በይ። ልጆቹ ይስሙሽ።"

"አልደረቀም!" ብዬ ጮህኩ። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አየን።

"በቃ፣ አልደረቀም ተብላችኋል። ቁጭ በሉ" አላቸው።

ተቀመጡ። እሱም ተቀመጠ። እኔ የት እንደምቀመጥ ግራ ገብቶኝ ስቆም ትንሽ ጠጋ አለ፤ ያስጠጋኝ ይሁን ፀሐይ ሸሽቶ ይሁን አላወቅሁም። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስለ በዓሉ እኔም አልጠየቅሁ፣ እሱም አላነሳ። እስኪደርቅ ድረስ አራታችንም ጠበቅን።